የቻይና ነው፣ የጃፓን ወይስ የኮሪያ? የአበባ ማስቀመጫን አገር ከሥሩ ጀምሮ መለየት

የድሮ የአበባ ማስቀመጫ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ይገለብጠዋል፣ ሥሩ ላይ ያለውን ማኅተም ፎቶ ያነሳል፣ ጉግል ሌንስ ላይ ይጥለዋል። ሌንስም የሆነ የቻይና ንጉሥ ስም ያወጣለታል። በቃ፣ 300 ዓመት የሞላው ዕቃ አገኘሁ ብሎ ያስባል። እባካችሁ እንደዚህ አታድርጉ። መገልበጡ ልክ ነው። ችግሩ ማኅተሙ ላይ መቸኮሉ ነው። ማኅተም ሠሪው ስለ ዕቃው የተናገረው ቃል ነው፣ ማንም ሰው ደግሞ የፈለገውን ሊጽፍ ይችላል። ጭቃው፣ እሳቱና የተሠራበት መንገድ የተዉት ምልክት ግን በቀላሉ አይዋሽም። ስለዚህ እዚህ ማኅተሙን የምናየው ወደ መጨረሻው ነው።

ሌላም ነገር ከአሁኑ እንለይ። "የት ተሠራ?" እና "መቼ ተሠራ?" ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የት እንደተሠራ ማወቅ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ይቻላል፤ ዕድሜው ግን ከበድ ይላል። የተገኘበት ቦታም የተሠራበት ቦታ ማለት አይደለም። የቻይና ሳህኖች በኬንያና በታንዛንያ የባሕር ዳርቻ በድሮ መቃብሮችና መስጊዶች ግንብ ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ፤ ዕቃው ከጥንት ጀምሮ ዓለምን የዞረ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የስልክ መብራት፣ ማስመሪያ፣ ወፍራም ፎጣ እና 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር ያስፈልጋችኋል። ማጉያው ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት ነው፤ ውድ አይደለም፣ ግዙት።

ቀለበታችሁንና ሰዓታችሁን አውልቁ። ፎጣውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉና ዕቃውን እዚያ ላይ አስተኙት። በአንገቱ ወይም በጆሮው አንጠልጥላችሁ አታንሱት፤ አንድ እጅ ከሥር፣ አንድ እጅ ከሆዱ ይሁን። ጆሮው አንድ ጊዜ ተሰብሮ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል፣ ማጣበቂያው መቼ እንደሚለቅ ደግሞ አይታወቅም። በረኪና አታስነኩት፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አታስገቡት። ወርቅ ቅብ ካለበት ጭራሽ አትፈትጉት፣ በቀላሉ ይለቃል።

አንደኛ፦ ጭቃውን ለዩ

ልምምዱን ከቡና ዕቃችሁ ጀምሩ። ጀበናው ሸክላ ነው። ብርሃን አያሳልፍም፣ ሲነኩት ድምፁ ድፍን ነው፣ ያልተቀባው ቦታ ውሃ ይመጥጣል። ሲኒው ፖርሴሊን ነው። ከኋላው መብራት ብታበሩ የጣታችሁ ጥላ ይታያል፣ በጥፍር ነካ ስታደርጉት ይጮኻል፣ ሥሩ ላይ ያለው ሻካራ ቀለበት ላይ የውሃ ጠብታ ብታኖሩ አይሰርግም። የአበባ ማስቀመጫችሁን በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ፈትኑት። ወፍራም ፖርሴሊን ብርሃን ላያሳልፍ ስለሚችል በአንዱ ብቻ አትፍረዱ።

ነጭ ከሆነ፣ የሚጮኽና ውሃ የማይመጥጥ ከሆነ ፖርሴሊን ነው። ካኦሊን የሚባል ነጭ ሸክላ አፈር ከተፈጨ ልዩ ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ ወደ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ እሳት የተጋገረ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ከሁሉም የምትታወቀው ከተማ በቻይና ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ያለችው ጂንግደዠን ናት። በጃፓን ደግሞ ኪዩሹ ደሴት ላይ ያለችው አሪታ ትጠቀሳለች።

መልኩ ክሬም ከሆነ፣ ላዩ በጣም ቀጭን መረብ በመሰለ ስንጥቅጥቅ ከተሸፈነ፣ ድምፁም ድፍን ከሆነ፣ የጃፓኑን ሳትሱማ አስቡ። ሳትሱማ ፖርሴሊን አይደለም። ብዙ ሰው ስንጥቅጥቁን አይቶ "ተሰነጠቀ" ብሎ ይደነግጣል፤ ግሌዙ፣ ማለትም የሚያብረቀርቀው ልባስ፣ ሲቀዘቅዝ ከጭቃው የበለጠ ስለሚሰበሰብ የሚፈጠር ነው እንጂ ጉዳት አይደለም። ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት ግን፣ ቆሻሻው በስንጥቁ ገብቶ ይቀራል።

ጭቃው ግራጫ ሆኖ ልባሱ አረንጓዴ ከሆነ ሴላዶን ይባላል። ምርጫው በአብዛኛው በቻይናና በኮሪያ መካከል ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሁለተኛ፦ የሚቆምበትን ቀለበት በማጉያ እዩ

እኔን ብትጠይቁኝ ከዕቃው ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይህ ቦታ ነው። ግሌዝ የሌለበት ስለሆነ ጭቃው ራቁቱን ይታያል። ጊዜ ስጡት።

በጂንግደዠን ዕቃ፣ በተለይ በሚንግ ዘመን (1368–1644) በተሠራው፣ ልባሱ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ቀጭን ብርቱካንማ መስመር ብዙ ጊዜ ይታያል። ጭቃው ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት በእሳቱ ዝጎ ነው። አስመሳዮችም ይህን ስለሚያውቁ ቀለበቱን ቡናማ ቀለም ይቀቡታል። ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ እውነተኛው ጠርዙ ላይ ደመቅ ብሎ ወደ ውጭ እየሳሳ ይሄዳል፣ አንዱ ጋ ይወፍራል ሌላው ጋ ይጠፋል። የተቀባው ግን ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው፣ አንዳንዴም እርጥብ ጥጥ ላይ ይለቃል።

ጭረቱንም ተመልከቱ። ለብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ ሲገፋ የኖረ ዕቃ ጭረቱ በየአቅጣጫው ነው፣ አንዱ ጥልቅ አንዱ ስስ። በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ እኩል እኩል ጭረቶች ካያችሁ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ነው።

የኮሪያ ዕቃ ሌላ ጠባይ አለው። በጎርዮ ዘመን (918–1392) የተሠራ ጥሩ ሴላዶን ሥሩም ጭምር በግሌዝ ተሸፍኖ፣ እቶን ውስጥ ሲቀመጥ ከሥር የተደገፈባቸው ትናንሽ ነጭ የድንጋይ ነጠብጣቦች፣ ብዙ ጊዜ ሦስት፣ ይታዩበታል። የጆሶን ዘመን (1392–1910) ነጭ ፖርሴሊን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥሩ ላይ የተጣበቀ አሸዋ አለው። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ቸኮሌት መሳይ ቡናማ ከተቀባ ቬትናምን አትርሱ፤ ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን በነበሩት ዕቃዎቿ የተለመደ ነው።

ሦስተኛ፦ ውስጡን በስልክ መብራት አብሩ

እጃችሁ ከገባ ዳስሱት። በእጅና በሸክላ ሠሪ መንኮራኩር የተሠራ ዕቃ ውስጡ ዙሪያውን የጣት ሞገድ አለው። ትልልቅ የቻይና ማስቀመጫዎች በክፍል በክፍል ተሠርተው ስለሚገጣጠሙ ውስጡ ትከሻው ወይም ሆዱ አካባቢ አግድም ወጣ ያለ መስመር ይገኛል። የኮሪያው ታዋቂ "የጨረቃ ማሰሮ" ደግሞ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አፍ ለአፍ ተገጥሞ የተሠራ ነው። ለዚህ ነው ሆዱ መቼም ፍጹም ክብ የማይሆነው።

ውስጡ ልሙጥ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ቁልቁል የወረደ መስመር ካለው ግን በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ነው። ይህ በብዛት የ20ኛው ክፍለ ዘመን የፋብሪካ ሥራ ነው።

አራተኛ፦ ቀለሙ ከግሌዙ በታች ነው ወይስ በላይ?

ዓይናችሁን ጨፍኑና ሥዕሉን በጣት ዳስሱ። ሰማያዊው ብዙ ጊዜ ከልባሱ በታች ስለሆነ ለጣት አይሰማም። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሮዙና ወርቁ ከላይ ተቀብተው በአነስተኛ እሳት እንደገና የተጋገሩ ናቸው፤ ጎርበጥ ይላሉ፣ በመብራት ስታዘነብሉት ብርሃኑ እነሱ ላይ ይሰበራል።

እዚህ ጋ አንድ በጣም ጠቃሚ ነገር ያዙ። ወፍራምና ብርሃን የማያሳልፈው ሮዝ ቀለም በቻይና ፖርሴሊን ላይ መታየት የጀመረው በ1720ዎቹ አካባቢ ነው። ስለዚህ በዚህ ሮዝ የተዥጎረጎረ ማስቀመጫ ሥሩ ላይ የሚንግ ማኅተም ካለው ማኅተሙ ሐሰት ነው። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ከዚያ ማጉያውን አንሱ። ሥዕሉ እንደ ጋዜጣ ፎቶ በጥቃቅን እኩል ነጠብጣቦች ከተሠራ የታተመ ነው፣ ዘመናዊ ነው። የብሩሽ ሥራ ሲጀምር ወፍሮ ሲያልቅ ይሳሳል። አንድ አበባ ዙሪያውን ተደጋግሞ ከሆነ ሁለቱን አስተያዩ፤ በእጅ የተሣሉ ሁለት አበቦች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም።

አምስተኛ፦ የሥዕሉ ጠባይ

የቻይና ሥዕል ሚዛን ይወዳል። አንገቱ ላይ ጥለት፣ ትከሻው ላይ ጥለት፣ ሥሩ ላይ ጥለት፣ መሃሉ ሞልቶ። የሌሊት ወፍ ካያችሁ የመልካም ዕድል ምልክት ነው። የጃፓኑ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ቅርንጫፉ ከጀርባ መጥቶ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ግማሹ ባዶ ይተዋል። የኮሪያው ከሁሉም የበለጠ ባዶ ቦታ ያከብራል። ዘንዶ ካለ ጥፍሩን ቁጠሩ። የጃፓን ዘንዶ በአብዛኛው ሦስት ጥፍር አለው፣ የቻይና ቤተ መንግሥት ዘንዶ አምስት። ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ የዛሬ ፋብሪካ አምስት ጥፍር መሣል አያቅተውም።

አሁን ሰዎችን በጣም የሚያሳስተው ላይ ቆም እንበል፤ ኢማሪ። ጥቁር መሳይ ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቅ ያለበት ዕቃ ነው። ግራ መጋባቱ ታሪክ አለው። ጃፓን በ1592 እና በ1597 ኮሪያን ስትወር ብዙ የኮሪያ ሸክላ ሠሪዎች ወደ ጃፓን ተወሰዱ። በትውፊት እንደሚነገረው ከእነሱ አንዱ የሆነው ዪ ሳምፕዮንግ በ1616 አሪታ አካባቢ ለፖርሴሊን የሚሆነውን ድንጋይ አገኘ። በዚያው ክፍለ ዘመን የሚንግ መንግሥት ወድቆ ጂንግደዠን ስትታመስ፣ የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ፊቱን ወደ አሪታ አዞረና በ1659 ትልቅ ትእዛዝ ሰጠ። ዕቃው በኢማሪ ወደብ ስለወጣ ኢማሪ ተባለ። ቻይና ስትረጋጋ ደግሞ ገበያዋን ለማስመለስ የጃፓኑን ኢማሪ ራሷ ቀዳች። ስለዚህ ኮሪያዊ እጅ የጀመረው፣ ጃፓን ያሳደገችው፣ ቻይና የቀዳችው መልክ ነው። በመልኩ ብቻ አገሩን መናገር የማይቻለውም በዚህ ነው።

እና እንዴት ትለያላችሁ? ወደ ጭቃው ተመለሱ። የቻይናው ኢማሪ ቀጠን ያለ፣ ነጭነቱ የጠራ፣ የሚቆምበት ቀለበት በንጽሕና የተቆረጠ ነው፤ ቀዩም ሳሳ ብሎ ፈካ ይላል። የጃፓኑ ይከብዳል፣ ነጩ ወደ ግራጫ ያዘነብላል፣ ሰማያዊው ይጠቁራል፣ ቀዩ ይወፍራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትይዙ ልዩነቱ አይጠፋችሁም።

ሴላዶኑስ? አረንጓዴው ልባስ ሥር በነጭና በጥቁር ጭቃ የተሞሉ ሽመላዎችና ደመናዎች ካሉ ኮሪያ ነው። ሥዕሉ መጀመሪያ ተቀርጾ ጉድጓዱ በሌላ ቀለም ጭቃ ይሞላል፤ በዚህ ጥበብ ጎርዮዎች የተካኑ ነበሩ። ነገር ግን ዛሬም በኢቾን ከተማ ይኸው ዓይነት በብዛት ይሠራል፣ ለእንግዳም በስጦታ ይሰጣል። በቃኘው ሻለቃ ምክንያት ከኮሪያ ጋር ቁርኝት ያለው ቤተሰብ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢኖረው የኮሪያነቱ እውነት ሆኖ ዕድሜው ግን ጥቂት አሥርት ዓመት ሊሆን ይችላል። ለቤተሰቡ ያለው ዋጋ በዚህ አይቀንስም።

ስድስተኛ፦ አሁን ማኅተሙን አንብቡ

ቻይንኛ ማወቅ አያስፈልግም። የተለመደው የቻይና ማኅተም ስድስት ፊደል ነው፤ ሦስት ሦስት ሆኖ በሁለት ዓምድ ይጻፋል፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ትርጉሙም "በታላቁ እገሌ ሥርወ መንግሥት፣ በእገሌ ንጉሥ ዘመን የተሠራ" ነው።

መጀመሪያ እጁንና እግሩን ዘርግቶ የቆመ ሰው የሚመስለውን ፊደል ፈልጉ። "ታላቅ" ማለት ነው። ቀኝ ዓምድ ራስ ላይ እስኪመጣ ዕቃውን አዙሩት። ከሥሩ ያለው ፊደል አገሩን ይነግራችኋል። ግራ ጎኑ ሦስት አጫጭር ጭረት ከሆነ ቺንግ የሚባለው የቻይና ሥርወ መንግሥት ነው (1644–1911)። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ተጣብቀው ከሆነ፣ ግራው በመሃሉ አንድ መስመር ያለው፣ ቀኙ ረዘም ብሎ እግሩ ክፍት የሆነ፣ ሚንግ ነው። መሃሉ ላይ አንድ መስመር ያለው ሳጥን ብቻውን ቆሞ፣ ከእሱ በታች ዛፍ መሳይ ፊደል ግንዱ ላይ አጭር ሰረዝ ይዞ ከተከተለ ግን "ታላቋ ጃፓን" ነው፤ ከሜጂ ዘመን (1868–1912) ጀምሮ የተለመደ ነው። ሚንግንና ጃፓንን የሚያምታቱት ይህን ሳጥን ስላላስተዋሉ ነው።

ከዚያ ግን ጥርጣሬያችሁን አትጣሉ። ቻይናውያን የቀደሙትን ነገሥታት ማኅተም ለአክብሮትም ለንግድም ሲጽፉ ኖረዋል፣ ጃፓኖችም በገዛ ዕቃቸው ላይ ሹዋንደ እና ቸንግኋ የተባሉትን የሚንግ ነገሥታት ማኅተም ጽፈዋል። ይባስ ብሎ በ1677 የጂንግደዠን ሹም የንጉሡን የካንግሺን ስም ፖርሴሊን ላይ መጻፍ ከልክሎ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ብዙ እውነተኛ የካንግሺ ዕቃዎች ሥራቸው ላይ ሁለት ሰማያዊ ክብ ብቻ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው።

በጃፓን በኩል፣ በክብ ውስጥ መስቀል የሳትሱማ ግዛት ገዢ የነበረው የሺማዙ ቤተሰብ ምልክት ነው። "ሮያል ሳትሱማ" ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ከታተመበት ግን ዘመናዊ ነው፣ ብዙውም ጃፓን ውስጥ እንኳ አልተሠራም።

ሰባተኛ፦ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ ደስ ይበላችሁ

አሜሪካ ውስጥ ስሪፍት ስቶር የምትዞሩ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በ1890 የወጣው የአሜሪካ የማኪንሊ ታሪፍ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሩ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት አስገደደ። ስለዚህ "ቻይና" የሚል ጽሑፍ ካለ ከዚያ ወዲህ ነው። ጃፓን "ኒፖን" ብላ ስትጽፍ ቆየች፤ ከ1921 በኋላ "ጃፓን" እንድትል ተጠየቀች። "ኦኪዩፓይድ ጃፓን" የሚለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ እስከ 1952 ድረስ ነው። "ጃፓን ተሠርቶ ሆንግ ኮንግ የተሣለ" የሚልም አለ፤ ዕቃው ከአንድ አገር፣ ሥዕሉ ከሌላ።

ጽሑፍ አለመኖሩ ግን ዕድሜ አያረጋግጥም። ብዙ ጊዜ የወረቀት ምልክት ነበረና ወድቋል፣ ወይም ዕቃው ወደ አሜሪካ ታስቦ አልተሠራም። የ"ኒፖን" ማኅተምም በዘመናዊ ዕቃ ላይ ይመሰላል።

አንዱን አብረን እንየው

በጣም የተለመደ ዕቃ ልውሰድ። ሆዱ ክብ ማሰሮ፣ ሰማያዊ መደብ ላይ የተሰነጠቀ በረዶ፣ በላዩ ነጭ የፕሪም አበባ። ሥሩ ላይ በሁለት ክብ ውስጥ አራት ፊደል፣ "በካንግሺ ዘመን የተሠራ"። ካንግሺ የነገሠው እስከ 1722 ነው።

ጭቃው ነጭ፣ ይጮኻል፦ ፖርሴሊን። ውስጡ የጣት ሞገድ አለው፦ በእጅ የተሠራ። ቀለበቱ ሰፋ ያለ፣ አቆራረጡ ግዴለሽ፦ የካንግሺ ዘመን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጠነቀቃል። ሰማያዊው ጥልቀት የለውም፣ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው። ማኅተሙ አራት ፊደል፦ የካንግሺ ቤተ መንግሥት ማኅተም በደንቡ ስድስት ነው። ፍርዱ? አገሩ ቻይና፣ ከተማው ጂንግደዠን፣ ዘመኑ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ለውጭ ገበያ የተሠራ። ያረጀ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ የካንግሺ ግን አይደለም። ማኅተሙን ብቻ ያየ ሰው ከ150 ዓመት በላይ ይሳሳት ነበር።

ማንን እንጠይቅ?

መጀመሪያ እውነተኛውን ዓይናችሁ ይልመደው። የብሪቲሽ ሙዚየም፣ የለንደኑ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት እና የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ስብስባቸውን በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋል። ለንደን ከሆናችሁ የብሪቲሽ ሙዚየሙን የፐርሲቫል ዴቪድ ስብስብ ሄዳችሁ እዩ፤ 1351 የሚል ቀን የተጻፈባቸው ሁለቱ ሰማያዊና ነጭ ማስቀመጫዎች እዚያ ናቸው። የዚያ ዘመን ሌሎች ዕቃዎች ዕድሜ የሚገመተው ከእነሱ ጋር እየተነጻጸረ ነው።

ከዚያ ብዙ የጨረታ ቤቶች በፎቶ የመጀመሪያ አስተያየት በነፃ ይሰጣሉ። ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሱ፤ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ አፉን ከላይ፣ ሥሩን ሙሉ፣ የሚቆምበትን ቀለበት በጣም ቀረብ ብላችሁ፣ ማኅተሙን ቀጥ አድርጋችሁ። ቁመቱንና የሥሩን ስፋት በሴንቲ ሜትር ጻፉ። ስንጥቅ ወይም ጥገና ካለ አትደብቁ። ከሁለት ቦታ ጠይቁ፣ ከሁለቱ አንዱም ዕቃውን ሊገዛችሁ የሚፈልግ ነጋዴ አይሁን። መልሳቸው ከተለያየ ደግሞ "ከዕቃው የትኛውን ክፍል አይታችሁ ነው?" በሏቸው። ስለ ቀለበቱና ስለ ጭቃው የሚያስረዳችሁን እመኑት፤ ማኅተሙን ብቻ አንብቦ የመለሰላችሁ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።